ጀልባ በሽቦ ሲሰፋ

ከፓስታ ካርቶን ሁለት እኩል ቁራጮች ቁረጡ። ርዝመታቸው 30 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ የላይኛው ጠርዝ ቀጥ ያለ፣ የታችኛው እንደ ግማሽ ጨረቃ ያበጠ። ሁለቱን ደርባችሁ ያበጠውን ጠርዝ በመርፌና በክር ስፉት። እስካሁን ጠፍጣፋ ነው። አሁን ከላይ መሃሉን በእርሳስ ገፋ አድርጋችሁ ክፈቱት። ካርቶኑ ይጎብጣል፣ ጫፎቹ ቀና ይላሉ፣ እጃችሁ ላይ ጀልባ ይቀራል።

ይህን ኮልፌ ቀራኒዮ ለማስተምራቸው ልጆች ባሳየሁ ቁጥር አንዱ «ቲቸር፣ ማን አጎበጠው?» ማለቱ አይቀርም። ማንም። ቅርፁን ያወጣው መቀሱ ነው፤ ክሩ የተቆረጠውን አገናኘ እንጂ ሌላ አልሠራም። ቤት ውስጥ ከኪት የሚሠራ ባለ ሸራ ጀልባም ከዚህ ካርቶን የሚለየው በመጠኑ ነው።

ኪቱ ውስጥ ምን አለ?

ኪት ስንል በልኩ የተቆረጠ ኮምፔንሳቶ፣ ማጣበቂያ፣ ሽቦ፣ ሸራ፣ ገመድና መመሪያ ማለታችን ነው። ከዚህ ሁሉ ውዱ ነገር ቁርጡ ነው። እንጨት አዲስ አበባም ይገኛል፤ አስቸጋሪው የትኛው ጠርዝ ምን ያህል ማበጥ እንዳለበት ማወቁ ነው። ስለዚህ ኪቱን ከባሕር ማዶ ማስመጣት የከበደው ሰው ንድፉን ብቻ አግኝቶ እዚሁ ቢቆርጥ ብዙ አይጎድልበትም።

ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1947 ክላርክ ሚልስ የተባለ የፍሎሪዳ ጀልባ ሠሪ ለልጆች የምትሆን ርካሽ ጀልባ ንደፍ ተባለ። ከሁለት ኮምፔንሳቶ የምትወጣ፣ 2.3 ሜትር ገደማ የምትረዝም፣ አፍንጫዋ የተቆረጠ ሣጥን መሰል ጀልባ ሠራ፤ ኦፕቲሚስት ትባላለች። የአሜሪካው ኮምፔንሳቶ 4 በ8 ጫማ ነው። ይህ በሜትር ሲለወጥ 122 በ244 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ መርካቶ ገዝታችሁ በጋሪ የምታስጭኑት ልክ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ እንግሊዞች ሚረር የተባለችውን ጀልባ አወጡ። ነዳፊው ጃክ ሆልት ነው፤ ባሪ በክኔል የተባለ የቴሌቪዥን የእጅ ሥራ አስተማሪ በሽቦ የመስፋቱን ዘዴ አመጣ፤ ዴይሊ ሚረር ጋዜጣ ስሙንም ገንዘቡንም ሰጠ። ከ70,000 በላይ ተሠርተዋል፤ አብዛኞቹ አናጺ ባልሆኑ ሰዎች፣ በመኪና ማቆሚያና በሳሎን። ሚረር 3.3 ሜትር ስለሆነች አንድ ኮምፔንሳቶ አይበቃትም። መቀጠል ሲያስፈልግ ሁለቱ ጫፎች እንደ ቢላ ስለት ተዳፍተው ይደረባሉ። ተዳፋቱ የውፍረቱ ስምንት እጥፍ ይሁን፤ ለ6 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ 48 ሚሊ ሜትር።

ስፌቱ

ጀልባን መስፋት ለኛ አገር እንግዳ አይደለም። ጣና ላይ ነገደ ወይጦዎች ታንኳን የሚሠሩት ደንገልን በነዶ በነዶ አስረው ነው፤ ምስማር የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1969 ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል አትላንቲክን ለማቋረጥ የተነሣባት «ራ» የተባለች ጀልባ የተሠራችው ከጣና በሄደ ደንገል ነበር። ጉዞዋ ግን ሳይጠናቀቅ ቀረ። የጥንት ግብጻውያን የኋላ ጫፉን ወደ ላይ ወጥሮ የሚይዝ ገመድ ያስሩ ነበር፤ በራ ላይ ይህ ገመድ በሚገባ ባለመታሰቡ ኋላዋ እየሰመጠ ሄደ። ደንገሉ ምንም አላጠፋም።

የእኛው ስፌት በመዳብ ሽቦ ነው። የመብራት ገመድ ልጣችሁ የምታወጡት ነጠላ ሽቦ ይሠራል። ከጠርዙ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ገባ ብላችሁ፣ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ብሱ፤ ሽቦውን አሳልፋችሁ በፒንሳ ጠምዝዙ። እዚህ ላይ ልጆች ሁሉ የሚሠሩት አንድ ስሕተት አለ፤ የመጀመሪያዋን ሽቦ አጥብቀው ይቋጩና ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። ሲጨርሱ ጀልባው እንደ ተጠማዘዘ ጨርቅ አንድ ጎኑ ከፍ፣ አንድ ጎኑ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ሁሉንም መጀመሪያ ላላ አድርጋችሁ እሰሩ። ከዚያ ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ኋላ ግራና ቀኝ ማዕዘኖች ሲባጎ ዘርግታችሁ ለኩ። ሁለቱ ልኮች እኩል ሲሆኑ ብቻ፣ ከመሃል ወደ ጫፍ፣ ጥቂት በጥቂት አጥብቁ።

ከዚህ በኋላ ኢፖክሲ የተባለውን ማጣበቂያ በደቃቅ ሰጋቱራ ለውሱት። ውፍረቱ ገንፎ ይምሰል፤ ከማንኪያው ላይ የሚንጠባጠብ ከሆነ ሰጋቱራ ጨምሩ። በውስጥ በኩል መገጣጠሚያውን ሁሉ ሙሉበትና በማንኪያ ጀርባ እየጎተታችሁ አለስልሱት። በላዩ የፋይበር ግላስ ጥብጣብ ይነጠፋል። ሲደርቅ ሽቦው ይቆረጣል፣ በውጭም ጥብጣቡ ይደገማል።

ኮምፔንሳቶውን ቀቅሉት

ሻጩ ሁሉ «ውኃ አይበግረውም» ይላል። መዳፍ የምታህል ቁራጭ ለምናችሁ ውሰዱና ድስት ውስጥ ለሁለት ሦስት ሰዓት ቀቅሉት። የቤት ዕቃ ኮምፔንሳቶ ከሆነ ንብርብሩ እንደ መጽሐፍ ገጽ ይገለጣል። ደህናው አበጥ ቢልም አይላቀቅም። አንድ ጊዜ ይህን ሳላደርግ የገዛሁት፣ በግቢ ውስጥ አንዲት የሐምሌ ሌሊት አድሮ ጠዋት ጠርዙ አበባ ጎመን መስሎ አገኘሁት። ድስቱን ግን ከባለቤቱ አስፈቅዱ፤ የሙጫው ሽታ ለሳምንት አይለቅም።

ለሸራው ምሰሶ ብዙ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው አጠና ተራ በሚሸጠው ባሕር ዛፍ ላይ ነው። ባሕር ዛፍ ግን ከባድ ነው፣ እርጥቡ ሲደርቅም ይጣመማል፤ የፈረንጅ ጥድ ብታገኙ ይሻላል።

ማጣበቂያው

የመኪና አካል ጠጋኞች «ፋይበር» የሚሉት ፈሳሽ ፖሊስተር ነው። ርካሽ ነው፣ ግን እንጨትን በደንብ አይዝም፤ ከዓመት በኋላ እንደ ቅርፊት ይነሣል። ፖሊስተር ላይ ማድረቂያ ሲጨመር ፍጥነቱ ይጨምራል። ኢፖክሲ ላይ ይህን የሞከረ ሰው ለዘለዓለም የሚያጣብቅ ሊጥ ይተርፈዋል፤ ሁለቱ ፈሳሾች በጣሳው ላይ በተጻፈው ልክ ብቻ መጋጠም አለባቸው። የክረምት ብርድም ያዘገየዋል፣ ስለዚህ ከጥቅምት በኋላ ፀሐይ ሞቅ ስትል ሥሩ። የደረቀው ላይ ደግሞ ቀለም ወይም ቫርኒሽ ይምጣበት፤ የደጋ ፀሐይ ኢፖክሲን ያደቀዋል። በብርጭቆ ወረቀት ስትፈትጉ አፍንጫችሁን ሸፍኑ።

ሸራው የልብስ ሰፊ ጉዳይ ነው

ጠፍጣፋ ጨርቅ ነፋስ አይሸከምም። ሸራ ሆድ ያስፈልገዋል፣ ሆዱም የሚወጣው በቁርጡ ነው፤ ተመልሰን ካርቶኑ ጋ መጣን። የጨርቁ ክፍሎች ሲገጣጠሙ ጠርዛቸው ትንሽ እንዲያብጥ ተደርጎ ይቆረጥና ይሰፋል። ይህን ለመርካቶ ልብስ ሰፊ ማስረዳት ከእንጨት ሠሪ ይልቅ ይቀላል፤ የቀሚስ ደረት ላይ በየቀኑ የሚሠራው እሱኑ ነው። ጨርቁም ክሩም ፖሊስተር፣ ስፌቱም ዚግዛግ ይሁን። አቡጀዲ ይለጠጣል፣ ይበሰብሳል።

የት ይንሳፈፋል?

ገፈርሳ ቅርብ ነው፣ ግን የመጠጥ ውኃ ግድብ ስለሆነ እርሱት። የቢሾፍቱ ሐይቆች ቅርብ ናቸው፤ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ስለተኙ ግን ገደሉ ነፋሱን እያዞረ ያመጣባችኋል። ላንጋኖ ሰፊ ነው። ከባሕር ጠለል ወደ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ14 ከመቶ ያህል ይሳሳል፤ ያው ፍጥነት ያለው ነፋስ በዚያው ልክ ትንሽ ይገፋል። ተንሳፋፊ ጃኬት ሳይለብስ ማንም አይግባ፣ ዋናተኛውም ጭምር።

ከግቢ ሳይወጣ

መጀመሪያ በሩን ለኩ። ኦፕቲሚስት 1.12 ሜትር፣ ሚረር 1.4 ሜትር ገደማ ስፋት አላት፤ በጎን አዘንብለው ካላሳለፏት በአብዛኛው የሰርቪስ ቤት በር አትወጣም። ኮንዶሚኒየም ላይ ያላችሁ ደረጃውን መታጠፊያው ጋ ለኩ።

ቀጥሎ ጀልባውን በሁለት አግዳሚ ላይ አስቀምጡና ውኃውን *ውስጧ* ጨምሩ፤ ሦስት አራት ጀሪካን ይበቃል። ከሥር ገብታችሁ በእጅ ባትሪ እያያችሁ፣ ጠብ ባለበት ሁሉ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ኮልፌ ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ይህን ለወረፋው ቀን አቆዩት። ጀልባዋ ካላንጠባጠበች ውኃውን አትድፉት፤ የግቢው ሰው ለወለል ይፈልገዋል።