መኪናው ወዴት ይጎትታል? መቼስ ይጎትታል?



ከካምፓችን ወጣቶች መካከል በገዳሪፍና በሸዋክ ጋራዦች የሚሠሩ፣ በሎሪም ላይ ረዳት ሆነው የሚውሉ ጥቂቶች አይደሉም። መኪና የሌለንም ብንሆን የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ከጭነት በላይ ተጭነን መሄዳችን አይቀርም። ስለዚህ የዛሬው ትምህርታችን መንገድ አልይዝ ስላለ መኪና ነው። እኛ አስተማሪዎች እንጂ መካኒኮች አይደለንም፤ ነገር ግን ብልሽትን ፈልጎ ማግኘት የሒሳብ ጥያቄን እንደ መፍታት ሆኖ አግኝተነዋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሸዋክ ወደ ወድ ኤል ሒለው እንመላለስበት የነበረ አንድ ፒክአፕ (እዚህ አገር «ቦክስ» የሚሉት) ፍሬን በተያዘ ቁጥር ወደ ግራ ይጎትት ነበር። ሹፌሩ የግራውን ጎማ ለወጠ፤ አልተሻለውም። መካኒኩ የግራውን ፍሬን ፈትቶ ሸራ ቀየረለት፤ ያው ነው። ቀጥሎ የመሪው ጫፎች (ታይሮድ) ተቀየሩ። የሰውዬው የሁለት ወር ገቢ እንዲሁ አለቀ። በመጨረሻ አንድ አዛውንት መካኒክ «እስቲ የቀኙን ክፈቱት» አሉ። የቀኙ ታምቡር ሲከፈት ሸራው በፍሬን ዘይት ርሶ ተገኘ። ቀኙ ስለማይዝ ግራው ብቻውን ይይዝ ነበር። ፍሬን ሲያዝ መኪና የሚሳበው አብልጦ ወደሚይዘው ጎን ነው፤ የተበላሸው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌላኛው ነው። ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣው ይህ ስላልታወቀ ነው። በዘይት የራሰ ሸራ በቤንዚን ቢታጠብ ወይም በእሳት ቢለበለብ አይድንም፤ ይቀየራል፤ ዘይቱ የሚያፈስበትም ቦታ አብሮ ይጠገናል።

እንግዲህ ቁልፍ ከመነሳቱ በፊት ሹፌሩን መጠየቅ ይገባል። ችግሩ ፍሬን ሲያዝ ብቻ ነው? ወይስ ሁልጊዜ? በፍጥነት ጊዜ ብቻ ይመጣል? ጭነት ሲበዛስ ይብሳል? መልሱ የሥራውን ግማሽ ይጨርሳል።

ሁልጊዜ የሚጎትት ከሆነ ከጎማ እንጀምር። ንፋስ የሚለካው ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ነው። በቀትር ፀሐይ ተነድቶ የመጣ ጎማ ንፋሱ ጨምሮ ይታያል፤ ያን ጊዜ «በዛ» ብሎ የሚያስተነፍስ ሰው ማታ በጎደለ ጎማ ይሄዳል። ንፋሱ እኩል ሆኖም ከጎተተ የፊቱን የግራና የቀኝ ጎማ አለዋውጦ መንዳት ነው (በጎኑ ላይ የመዞሪያ አቅጣጫ ቀስት ያለበት ጎማ ግን አይለዋወጥም)። መጎተቱ ወደ ሌላው ጎን ከዞረ ጥፋቱ ያለው ጎማው ላይ ነው። ካልዞረ የጎማ አላይመንት ወይም የማይለቅ ፍሬን ይመርመር። ጥቂት ነድቶ ቆሞ እጅን ወደ ቸርኬዎቹ ማቅረብ (መንካት አይደለም፣ ያቃጥላል) የማይለቀውን ፍሬን ያሳያል፤ ከሌሎቹ ይልቅ የሚግለው እርሱ ነው። አስፋልት ላይ ብቻ በትንሹ ወደ ቀኝ ማዘንበል ግን ብልሽት አይደለም። መንገዱ ውሃ እንዲወርድበት ተብሎ ወደ ዳር ዘንበል ተደርጎ ይሠራልና፣ በቀኝ የሚነዳ መኪና ወደ ቀኝ ይንሸራተታል። (ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1964፣ ሱዳን በ1973 ከግራ ወደ ቀኝ እንደ ተዛወሩ አንባብያን ያስታውሱ ይሆናል።)

የጎማ አበላል ራሱ ይናገራል። ሁለቱ ዳር ከተበላ ንፋስ ጎድሎት ኖሯል፤ መሐሉ ከተበላ በዝቶበት ኖሯል። አንዱ ዳር ብቻ ከተበላ አላይመንቱ ተዛብቷል። እዚህም እዚያም እየተጎደጎደ ከተበላ አሞርቲዛተሩ ደክሟል ወይም ጎማው ባላንስ የለውም። ያገለገለ ጎማ የሚገዛ ሰው ደግሞ በጎኑ ላይ የተሠራበትን ጊዜ የሚያሳዩትን አራት አኃዞች ይፈልግ። 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ሦስት አኃዝ ብቻ ካለው ከ2000 በፊት የተሠራ ነውና ጥርሱ አዲስ ቢመስልም አይገዛም።

በዝግታ ሲሄድ ደህና ሆኖ ፍጥነት ሲጨምር መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የባላንስ ጉዳይ ነው። በእኛ አካባቢ ግን ጎማ ከመግዛት በፊት የቸርኬውን ውስጥ አጎንብሶ ማየት ይበጃል። ክረምት የጠጣው መረሬ በአንድ ወገን ተጋግሮ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይከብዳል፤ ፈንቅሎ ማጠብ ብቻ ያድነዋል።

ስለ ባሌስትራ ስንመጣ ገመድ ይበቃል። አንዳንድ ሎሪ ከኋላ ሲያዩት እንደ ሸርጣን በጎኑ ይሄዳል። ባሌስትራውን መሐል ለመሐል የሚይዘው ብሎን ተቆርጦ፣ ወይም ከአክሱሉ ጋር የሚያስሩት የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያላቸው ብሎኖች ላልተው፣ አክሱሉ ወደ ኋላ ሸሽቷል ማለት ነው። መሪው ቀጥ ብሎ ሳለ በግራ በኩል ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል ገመድ ይወጠር፤ ያው ገመድ በቀኝ ይለካ። ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። እንዲህ ያለ መኪና ሰው ሊጭን አይገባም።

አሞርቲዛተርን ለመመርመር የትንሽ መኪናን ጥግ ተጭኖ መልቀቅ የተለመደ ነው፤ ደጋግሞ ከነጠረ ደክሟል። ጠንካራ ባሌስትራ ባለው መኪና ግን ይህ አይሠራም። በሻካራ መንገድ ነድቶ እንደ ቆመ አሞርቲዛተሮቹን በእጅ መዳሰስ ይሻላል። የሚሠራው ሞቅ ይላል፤ ቀዝቃዛ ሆኖ የቀረው አይሠራም።

የፊቱን ጎማ በክሪክ አንስተን እላይና ታች ይዘን እንወዝውዘው። (በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ማንም አይግባ፤ ጠንካራ ግንድ ይደገፍ፤ ሌሎቹም ጎማዎች ድንጋይ ይደረግባቸው።) ከተወዛወዘ ረዳቱ ፍሬን ይርገጥ። መወዝወዙ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ ጎማው የሚታጠፍበት መገጣጠሚያ አልቋል። ግራና ቀኝ ሲይዙት ብቻ የሚወዛወዝ ከሆነ የመሪ ጫፍ ይመርመር።

ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ በፍሬን ዘይቱ ውስጥ አየር ገብቷል። ተረግጦ ተይዞ ሳለ ቀስ እያለ ከወረደ ግን ዘይት ይፈሳል፤ በውጭ ካልታየ የፍሬን ማስተሩ በውስጥ ያሳልፋል። ይህ መኪና አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሂድ። በሊማሊሞ የተጓዘ ሁሉ ሌላውን አደጋ ያውቃል። በረጅም ቁልቁለት ፍሬን ረግጦ የሚወርድ ሹፌር ሸራውን ያግላል፤ የጋለ ሸራ መያዝ ይተዋል፤ ያረጀ የፍሬን ዘይትም ውሃ ስለሚስብ ይፈላል። ስለዚህ በከባድ ማርሽ ይወረዳል። እዚህ ሜዳው ብዙ ነውና ይህ ይረሳል፤ ይልቁንም ኾር ከተሻገሩ በኋላ ታምቡሩ ውስጥ ውሃ ስለሚገባ በዝግታ እየሄዱ ፍሬኑን ደጋግሞ በቀስታ በመርገጥ ማድረቅ ያስፈልጋል።

ታምቡር ለሚከፍቱ ወጣቶች አንድ ነገር እናክል። የሸራ አቧራ በአፍም በኮምፕረሰርም አይነፋም። በድሮው ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ነበረበት፤ ሳንባን ይጎዳል። በረጠበ ጨርቅ ይጠረግ።

ጎማው ተመልሶ ሲገጠም ዳዶዎቹ በተራ ዙሪያውን ሳይሆን ፊት ለፊት እየተጋጠሙ ይጠበቁ። ጥቂት ከተነዳ በኋላም፣ ከሸዋክ የተነሳ ካምፕ ሲደርስ፣ እንደገና በቁልፍ ይፈተሹ።