ዕለተ ሐሙስን ያስተማረችን ዓሣ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህ ጽሑፍ የምናቀርብላችሁ ትምህርት ከአንዲት ትንሽ ዓሣ ሞት የተገኘ ነው። ነገሩ ተራ ቢመስልም እኛን ብዙ አስተምሮናልና እስከ መጨረሻው እንድታነቡት በትሕትና እንጠይቃለን።

እንደሚታወቀው በሥነ ፍጥረት ትምህርታችን በደመ ነፍስ ሕያዋን ሆነው የሚኖሩ የባሕር ፍጥረታት የተፈጠሩት በዕለተ ሐሙስ ነው። ይህን ለሕፃናት ክፍል ስናስተምር በዓይናቸው አይተው እንዲረዱት በማሰብ፣ ከወር መዋጮአችን ቀንሰን አንዲት ወርቅማ ዓሣ ገዛን። በክብ የብርጭቆ ዕቃ አድርገን በመማሪያ ክፍሉ መስኮት አጠገብ አስቀመጥናት። ሕፃናቱም «ሐሙስ» ብለው ስም አወጡላት።

ሁሉም ስለወደዳት የመጣው ሁሉ የዳቦ ፍርፋሪ ይጥልላት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ውኃው ደፈረሰ። ዓሣዋም ክንፎቿን አጥፋ፣ አፏን ወደ ውኃው ፊት አውጥታ ማለክለክ ጀመረች። እኛም ደንግጠን ውኃውን በሙሉ ደፋን፤ ዕቃውን ፈትገን አጠብንና ከቧንቧ የቀዳነውን ውኃ ወዲያውኑ ሞላንበት። እንድትበረታም ምግብ ጨመርንላት። በማግሥቱ ከታች ተኝታ አገኘናት።

በዚህ ጊዜ በአጥቢያችን የሚገኙ አንድ የባዮሎጂ መምህር ዘንድ ሄድን። እርሳቸውም እንዲህ ሲሉ አስረዱን፦ «ልጆቼ፣ የዓሣ ኩስና የተረፈ ምግብ ሲበሰብስ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣዋል። ይህ መርዝ ስንጥቧን ያቃጥለዋል። ይህን መርዝ ወደማይጎዳ ነገር የሚለውጡ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች አሉ። ነገር ግን በአዲስ ዕቃ ውስጥ እስኪራቡ ሳምንታት ይፈጅባቸዋል። እናንተ ዕቃውን ስትፈትጉ ገና የጀመሩትንም አጠባችኋቸው። የቧንቧ ውኃም ለእኛ ጤና ሲባል ክሎሪን ይገባበታል፤ ለዓሣ ግን መርዝ ነው። በሰፊ ዕቃ ተከፍቶ አንድ ቀን ቢያድር ክሎሪኑ ይተናል። ውኃውንም በሙሉ ሳይሆን ሩቡን ያህል ብቻ መለወጥ ነበር።»

እንደ ተነገረን አደረግን። ምግብ አቆምን፤ ያደረ ውኃ በጥቂት በጥቂቱ ለወጥንላት፤ ተራ ገብተንም ጠበቅናት። ሕፃናቱ በየዕለቱ ጸለዩላት። ነገር ግን ዘግይተን ነበርና በሦስተኛው ቀን ሞተች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይህን ስንነግራቸው አንዲት ሕፃን «ጸልየን የለም እንዴ? ለምን ሞተች?» ብላ አለቀሰች። ከመካከላችን አንዱ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ሊላት ሲጀምር ሁላችንም ዝም አልን፤ ውስጣችን እውነቱን ያውቀው ነበርና። ስለሆነም በሕፃናቱ ፊት ቆመን «የጎዳናት እኛ ነን፤ ሳናውቅ ሳንጠይቅም አደረግነው፤ ይቅር በሉን» አልናቸው። ከዚህ ከባድ ትምህርት አስተምረን አናውቅም።

ከዚህ የምንማረው፦

1ኛ. ፍቅር ዕውቀትን ይሻል። የገደላት ጥላቻ ሳይሆን ያልጠየቀ ፍቅር ነው። በሽተኛን፣ ሐዘንተኛን፣ ታናሽ ወንድምን ስንረዳም እንዲሁ ነው፤ አስቀድመን አዋቂን እንጠይቅ።

2ኛ. የራሳችንን ቸልታ በእግዚአብሔር ፈቃድ አናሳብብ። እንዲህ ካደረግን ሕፃናት ጸሎትን ይጠራጠራሉ፤ እኛም ከጥፋታችን አንማርም።

3ኛ. በፍጥረት ላይ የተሰጠን ሥልጣን (ዘፍ. 1፥28) አደራ ነው። ጠቢቡ ሰሎሞን ስለ እንስሳው ሕይወት ማሰብ የጻድቅ ሰው ጠባይ መሆኑን ያስተምራል (ምሳ. 12፥10)። ጌታችንም ትንሿ ድንቢጥ እንኳ በእግዚአብሔር ዘንድ እንደማትረሳ ነግሮናል (ሉቃ. 12፥6)።

4ኛ. ሐዘን ልክ አለው። ዓሣን ከሰው ልጅ ጋር አናስተካክልም፤ ሆኖም ንጉሥ ዳዊት ልጁ ሲታመም ጾሞ ለመነ፤ በሞተ ጊዜ ግን ተነሥቶ ታጠበ፤ ሰገደም (2ኛ ሳሙ. 12)። የሚቻለውን አድርጎ የቀረውን ለፈጣሪ መተው ይገባል።

ዓሣዋን ከአንዳችን ቤት ጓሮ ቀበርናት። ያች ሕፃን ስትመለስ «ሌላ ስንገዛ ውኃውን እኔ አሳድረዋለሁ» አለችን። ጸሎቷ ፍሬ አላፈራም የሚል ማን ነው?

የመወያያ ጥያቄዎች፦ ሀ) ሳናውቅ ለመርዳት ስንል የጎዳነው ሰው አለን? ለ) ይቅርታ ጠይቀናልን?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።