በሞቃት ባሕር ታላላቅ ዓሣዎችን ስለ ማጥመድ

በኩባ ደሴት ሰሜናዊ ዳርቻ፥ ከሀቫና ከተማ ወደ ምሥራቅ ጥቂት ኪሎሜትር ርቆ፥ ኮሂማር የሚባል የዓሣ አጥማጆች መንደር አለ። በመንደሩ ፊት ያለው ባሕር ከዳር ብዙ ሳይራቅ እጅግ ጥልቅ ይሆናል፤ በዚያም ጥልቅ ላይ ገልፍ ስትሪም የተባለው ሞቃት ውሃ በባሕር መካከል እንደ ወንዝ ሆኖ ወደ ምሥራቅ ይፈስሳል። ወንዝ በየብስ እንጂ በባሕር ውስጥ እንዴት ይፈስሳል ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ቢኖር፥ ይህ ውሃ በሙቀቱና በጠቈረ ሰማያዊ መልኩ ከአጠገቡ ካለው ውሃ እንደሚለይ፥ ታንኳንም ያለ ቀዛፊ እንደሚወስድ ይነገረው። ታላላቆቹ ዓሣዎች ትንንሾቹን እያሳደዱ የሚመጡት በዚህ ፈሳሽ ነው።

ከእነዚህም የታወቀው ሰማያዊ ማርሊን ነው። የላይኛው መንጋጋው እንደ ጦር ሾሎ ስለ ወጣ የኩባ ሰዎች «አጉኻ» ይሉታል፤ ትርጓሜውም መርፌ ማለት ነው። ወንዱ ከ160 ኪሎግራም የሚያልፈው ጥቂት ጊዜ ነው፤ ሴቲቱ ግን እጅግ ትበልጠዋለች። በ1992 (እዚህ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) በብራዚል ባሕር በዘንግና በክር የተያዘችው ማርሊን 636 ኪሎግራም መዘነች፤ ይኸውም የሁለት እርሻ በሬዎች ክብደት ያህል ነው።

ይህን ያህል ኀይል ያለውን ፍጥረት አንድ ሰው በቀጭን ክር እንዴት ይይዘዋል? ክሩ ዓሣውን በግድ አይጎትተውም፤ ያደክመዋል እንጂ። የኮሂማር ሽማግሌዎች የሚያውቁት ሥራ ይህ ነው። አጥማጁ ሌሊት ተነሥቶ ብቻውን ወይም ከአንድ ባልንጀራው ጋራ በትንሽ ታንኳ ይወጣል። በትናንሽ ዓሣዎች ሥጋ ውስጥ መንጠቆ ሰውሮ፥ አንዱን ሲባጎ ዝቅ ሌላውን ከፍ አድርጎ በልዩ ልዩ ጥልቀት ያወርዳል። ማርሊን መብሉን በነካ ጊዜ ወዲያው አይስብም፤ እስኪውጠው ድረስ ሲባጎውን ይለቅለታል፥ ከዚያ በኋላ አጥብቆ ይመታዋል። ዓሣው ሲሮጥ ይለቅለታል፤ ሲዝል ይሰበስብበታል። ታንኳውም ከነሰውየው እየተጎተተ ለዓሣው ሸክም ይሆንበታል። የአጥማጁ መዳፍ በሲባጎው መቈረጡ ግን አይቀርም።

በዘንግ የሚያጠምዱት ሰዎች ክሩን በመዘውር ይጠቀልላሉ። በቀድሞ ጊዜ ዓሣው ሲሮጥ የመዘውሩ እጄታ ወደ ኋላ እየተሽከረከረ የብዙ ሰው ጣት ይሰብር ነበር፤ መዘውሩንም ለማገድ በአውራ ጣት የሚጫኑት ቍራጭ ቈዳ ብቻ ነበረ። በ1913 ዊልያም ቦሽን የተባለ ሰው በካሊፎርኒያ ባሕር ሰይፍ ዓሣን በዘንግ ሲይዝ የተጠቀመበት መዘውር ግን በውስጡ ልጓም ነበረው፤ ዓሣው ሲስብ ክሩ እየተፋተገ ይወጣል፥ እጄታው ግን አይዞርም። ልጓሙ የሚጠብቀው ክሩን ለመበጠስ ከሚበቃው ኀይል ሩቡን ወይም ሢሶውን ያህል ብቻ ነው። ክሩ በወጣ ቍጥር በመዘውሩ ላይ የቀረው ጥቅል ስለሚቀጥን፥ ልጓሙን ማንም ሳይነካው የመያዝ ኀይሉ ይበረታል፤ በውሃ ውስጥ የተዘረጋው ክርም ራሱ በውሃው ይከብዳል። ይህን ያላሰበ ሰው ዓሣው ሲርቅ ክሩ ይበጠስበታል። መምህሩም ደንጊያን በቀጭን ክር አስሮ ለተማሪዎቹ ያሳያቸው፤ ቀስ ብሎ ሲያነሣው ክሩ ይችለዋል፥ ድንገት ሲመነጭቀው ይበጠሳል።

በ1939 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የዓሣ አጥማጆች ማኅበር፥ ዓሣው እየታገለ ሳለ የሌላ ሰው እጅ ዘንጉን የነካ እንደሆነ ዓሣው ለአጥማጁ እንዳይቈጠርለት ደነገገ። ደንቡ ለጨዋታ መልካም ነው። ለእንጀራው የሚያጠምድ ድኻ ግን ረዳት ቢያገኝ ምንኛ በወደደ! አሜሪካዊው ደራሲ ኧርነስት ሄሚንግዌይ በ1936 በመጽሔት እንደ ጻፈው፥ ከኩባ ዳርቻ ከካባኛስ ብቻውን የወጣ አንድ ሽማግሌ በሲባጎ የያዘው ማርሊን ወደ ሩቅ ባሕር ወሰደው። ዓሣውን ገድሎ ከታንኳው ጎን ካሰረው በኋላ ሻርክ የተባሉት ነጣቂ ዓሣዎች መጡበት፤ በመቅዘፊያው እየመታ ቢከላከልም ሥጋውን በሉበት። ከሁለት ቀን በኋላ ሌሎች አጥማጆች ሲያገኙት ያለቅስ ነበር። ከግማሽ በታች የቀረው ሥጋ ብቻ 360 ኪሎግራም ያህል መዘነ። ሄሚንግዌይ በ1952 «ሽማግሌውና ባሕሩ» የሚባለውን መጽሐፉን ያወጣው ይህን ነገር መሠረት አድርጎ ነው። በ1961 በሞተ ጊዜ የኮሂማር ሰዎች ከታንኳዎቻቸው የነሐስ ዕቃ አዋጥተው ምስሉን አሠሩለት።

ዛሬ በአትላንቲክ ባሕር ማርሊን እንዲያንስ ያደረገው የሽማግሌው ሲባጎ አይደለም። ትላልቅ መርከቦች ቱናና ሰይፍ ዓሣን ለመያዝ በሺህ የሚቈጠር መንጠቆ የተሰካበትን ረጅም ገመድ ብዙ ኪሎሜትር ይዘረጋሉ፤ ማርሊንም ሳይፈለግ አብሮ ይሞታል። የአሜሪካ መንግሥት ከ1988 ጀምሮ የአትላንቲክ ማርሊን እንዳይሸጥ ከለከለ። ከ2008 ጀምሮም በውድድር ላይ እውነተኛ መብል የሚሰኩ አጥማጆች ጫፉ ወደ ውስጥ የተቈለመመ መንጠቆ እንዲይዙ አዘዘ፤ ይህ መንጠቆ ሆድ ዕቃን ሳይወጋ የመንጋጋውን ዳር ይይዛልና።

በጨዋታ የሚያጠምዱት ብዙዎች አሁን ዓሣውን በሕይወቱ ይለቅቁታል። ማርሊን የሚተነፍሰው እየዋኘ ውሃ በስንጥቦቹ ሲያልፍ ስለ ሆነ፥ ደክሞ የቆመውን ዓሣ ወዲያው አይተዉትም። አንዱ ሰው ጦር የመሰለውን አፉን በሁለት እጁ ይዞ፥ ጀልባው በዝግታ ወደ ፊት ይሄዳል፤ የዓሣው መልክ ሲመለስና ጅራቱ ሲበረታ ያን ጊዜ እጁን ያነሣለታል።