ቤተ እስራኤላዊት ምራት ነገሌ ስትመጣ

የነገሌ ቦረና ሰው እንግዳ መቀበል አይቸግረውም። የሚቸግረው፣ ልጁ እስራኤል አገር ሄዶ ያጫት፣ ወላጆቿ ከጎንደር የወጡ አይሁዳዊት፣ ቤተ እስራኤላዊት፣ «ለሁለት ሳምንት እንመጣለን» ስትል ነው። በከተማው ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም አለ፤ ሄዶ የሚጠየቅ ረቢ ግን የለም። ዝግጅቱ ከቤት ይጀመር።

መጀመሪያ አጠራሩን አስተካክሉ። «ፈላሻ» የሚለው ስም ያስቀይማል፤ «ቤተ እስራኤል» በሉ። እነሱ ዘንድ የሃይማኖት አባቱ «ቄስ»፣ የጸሎት ቤቱም «መስጊድ» ይባላል። ምራታችሁ «አያቴ ቄስ ነበሩ፣ ከመስጊድ አይጠፉም» ብትል ሦስት ሃይማኖት አቀላቀለች ብላችሁ አትሳቁባት።

ቀጥሎ ከኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11ንና 23ን አንብቡ። የመጀመሪያው ስለ ምግብ፣ ሁለተኛው ስለ በዓላት ነው። ክርክር ለመግጠም ሳይሆን ለምን እንደምትጠይቁ ለማወቅ ነው።

ከዚያ ወጥ ቤት ግቡ። ቆላ ላይ የመጀመሪያው ፈተና ግመል ነው። ግመል ያመሰኳል እንጂ ሰኮናው አልተሰነጠቀም፤ ስለዚህ ሥጋው ብቻ ሳይሆን ወተቱም አይፈቀድም። የግመል ወተት ሻይ አክብሮት መስሏችሁ አታቅርቡላት። ሁለተኛው ቅቤ ነው፤ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ አይቀላቀሉም። በቅቤ የራሰ ክትፎ፣ ቅቤ የገባበት ዶሮ ወጥ ቀረ ማለት ነው። ሦስተኛው እርዱ ነው። የክርስቲያን ሥጋና የእስላም ሥጋ ለሚለይ አገር ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ እነሱም በራሳቸው ሥርዓት ያልታረደ አይበሉም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሥጋውን ተዉት። አዲስ ድስት ግዙ፤ ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ጎመኑን በዘይት ሥሩ፤ ፍራፍሬ አብዙ። በከብት ቅቤ የተጠበሰ የቦረና ቡና ቀላም ሥጋ በሌለበት ገበታ ሊቀርብ ይችላል። ደግሞም ሁሉም እኩል አይጠነቀቅም፤ አስቀድማችሁ ደውላችሁ እሷኑ ጠይቋት።

ዓርብ ዋናው ቀን ነው። ሰንበት የሚገባው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ ነገሌ ላይ ይህ ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል። ከዚያ በኋላ እሳት አይነድም፣ አይበሰልም፣ ገበያ አይወጣም። ዳቦው ቀደም ብሎ ይጋገር፤ ቡናውም በፔርሙዝ ይቀመጥ። ቅዳሜ ጠዋት ትኩስ ቡና አፍልታችሁ «ለአንድ ቀን ምን አለበት?» አትበሏት፤ አለበት። «ሰንበት ሰላም» ብትሏት ግን ደስ ይላታል።

የጉብኝቱን ጊዜ ስትመርጡ የእነሱን ፋሲካ ዝለሉ። ስሙ ከክርስቲያኑ ጋር አንድ ይሁን እንጂ በዚያ ሰሞን እርሾ ያለበት ስለማይበላ እንጀራም ጠላም የለም፤ ቂጣ ነው። ስግድ የሚባለው በዓላቸው ደግሞ ከዮም ኪፑር (ከስርየት ቀን) 50 ቀን በኋላ ይውላል። ድሮ ጎንደር ውስጥ አምቦበር አጠገብ ተራራ ወጥተው፣ ጾመውና ኦሪት ተነብቦላቸው ያከብሩት ነበር፤ እስራኤል በ2008 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ብሔራዊ በዓል አድርጋዋለች።

የከበደው ወሬ ቅዳሜ ማታ፣ ሦስት ከዋክብት ታይተው ሰንበት ሲወጣና ምድጃው ሲነድ ይነሳ፦ ልጆቹ ምን ይሆናሉ? ቦረና በአባት ይቆጥራል፤ የረቢዎች ሕግ በእናት። እናቲቱ አይሁድ ከሆነች ልጁም አይሁድ ነው። እስራኤል ውስጥ ጋብቻ የሚፈጸመው በሃይማኖት ተቋማት ብቻ ስለሆነ፣ ሃይማኖታቸው የተለያየ ጥንዶች ብዙውን ጊዜ ውጭ አገር ተጋብተው መጥተው ያስመዘግባሉ። ሙሽራው ሃይማኖቷን ልቀበል ቢል ትምህርቱ ረጅም ነው፣ በረቢዎች ችሎትም ያልፋል፤ በገንዘብ አሳጥርላችኋለሁ የሚል ደላላ ቢመጣ በሩን አሳዩት። የዝምድናውን ነገር ግን ቶሎ ትግባባላችሁ፦ የቦረናው የሳቦ ጎሳ ከጎና ጎሳ እንጂ ከሳቦ እንደማይጋባ፣ ቤተ እስራኤልም እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል።

ከተመለሱ በኋላ ስትደውሉ ሰዓቱን አስሉ። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ እስራኤል ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች፤ በቀረው ጊዜ እኩል ነን። በታኅሣሥ እዚያ ከቀኑ 11 ሰዓት ሳይሞላ ይመሻል፤ ዓርብ ከሰዓት ቀድማችሁ ደውሉ፣ አለዚያ ስልኩ እስከ ቅዳሜ ማታ አይነሳም።