አቤቱታሽ እንዲሰማ አድርገሽ ጻፊ

እህቴ፣ ይህን የምጽፍልሽ የተማርኩ ሆኜ አይደለም። ቤይሩት የገባሁት ትምህርቴን ከ8ኛ ክፍል አቋርጬ ነው። ግን አንድ ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጽፌያለሁና የሆነውን ልንገርሽ።

በ2012 ዓ.ም. ክረምት ከአሠሪዎቼ ቤት ስወጣ ያልተከፈለኝ ደመወዝ ነበረኝ። እሑድ እሑድ የምንሰበሰብበት ቤት ሄጄ ለሲስተር ነገርኳቸው። «ጽፈሽ አምጪው» አሉኝ። ሌሊቱን ስጽፍ አደርኩ፤ አራት ገጽ ሆነ። ድካሜን፣ የእናቴን ሕመም፣ የማዳምን ስድብ ሁሉ ጻፍኩ። አንድም ውሸት አልነበረበትም። ሲስተር አስተርጉመው ሰሙትና አዘኑ። ከዚያ «ስንት ወር ነው ያልተከፈለሽ? በወር ስንት ነበር?» አሉኝ። በአራቱ ገጽ ውስጥ አንድም ቁጥር አልነበረም! ጠበቃዋ ዘንድ የሚደርሰው ደብዳቤ ብዙ ነው፤ ሁሉም ያለቅሳል። የኔን ከሌላው የሚለየው ነገር አልነበረውም።

ሁለተኛውን አሳጠርኩት፦ «ከጥቅምት 2012 ጀምሮ ደመወዝ አልተሰጠኝም።» ይህኛው ደግሞ ጎዳኝ። ወደ ዓረብኛ የመለሰው ሰው ዓመቱን እንዳለ ጻፈው። የአሠሪዬ ወገን ፓስፖርቴን አውጥቶ «አገር የገባችው በ2017 ነው፤ በ2012 የት ነበረች? ውሸታም ናት» አለ። የኛ ጥቅምት 2012 የእነሱ ኦክቶበር 2019 ነው። ከመስከረም እስከ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት 7 ትጨምሪያለሽ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8። ሰዓትም እንዲሁ ነው። «ከሌሊቱ 11 ሰዓት እነሣለሁ» ብትይ የእነሱ 11 ሰዓት ይመስላቸዋል፤ «ጠዋት 5 ሰዓት» ብለሽ በእነሱ አቆጣጠር ጻፊው።

ሌላም ስህተት ነበረበት። «አልተሰጠኝም» ያልኩት ለሁሉም ወር እውነት አልነበረም። ውላችን በወር 150 ዶላር ነው። ሊራው መውደቅ ሲጀምር ማዳም አምስት ወር ምንም አልከፈለችኝም። በኋላ ግን በድሮው ምንዛሪ፣ በ1,500 አስልታ፣ በየወሩ 225,000 ሊራ ትሰጠኝ ጀመር። በጁላይ 2020 መንገድ ላይ አንድ ዶላር 8,000 ሊራ ገደማ ደርሶ ነበርና የያዝኩት 28 ዶላር ነው። በደሉ እውነት ነው፤ «አልሰጠችኝም» ስል ግን እሷ «ሰጥቻለሁ» ብላ አፌን አስያዘችኝ።

ሦስተኛው ግማሽ ገጽ ነበር፦

«በሜይ 2017 ገባሁ። ውላችን በወር 150 ዶላር ነው። ከኦክቶበር 2019 እስከ ፌብሩዋሪ 2020 ምንም አልተከፈለኝም፤ 5 ወር፣ 750 ዶላር። ከማርች እስከ ጁላይ 2020 በየወሩ 225,000 ሊራ ተሰጠኝ። የሰጠችኝ ማዳም ራሷ ናት።»

ሲስተር ይህን ሲሰሙ አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቁኝም። ለጠበቃዋ ላኩት። 750 ዶላሩ በሁለት ጊዜ ተከፈለኝ፤ የሊራው ልዩነት ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ስድቡና ዱላውስ አይጻፍ? ይጻፍ እንጂ! ግን «ሁልጊዜ ትመታኝ ነበር» ከምትይ፣ የምታስታውሺውን አንዱን ቀን ምረጪ። የትኛው ቀን፣ በምን፣ የት ላይ፣ ማን አየ። ናፍቆቱንና ብሶቱን ለእህትሽ ጻፊላት፤ እሷ ቁጥር አትፈልግም።

ደሞዝ በተቀበልሽ ማታ፣ ሳትተኚ፣ ቀኑን፣ ልኩን፣ ዶላር ይሁን ሊራ፣ ማን እንደሰጠሽ በደብተር ጻፊ። ገጹን ፎቶ አንሥተሽ አገር ቤት ላኪው፤ ስልክሽ ሊወሰድብሽ ይችላል። እኔ ያኔ ደብተር አልነበረኝም። ወሮቹን የቆጠርኩት ለእናቴ ገንዘብ ከላክሁበት የሐዋላ ደረሰኝ ነው፤ ደረሰኝ የጠፋባቸው አምስቱ ወሮች ያልተከፈለኝባቸው ነበሩ። ስለዚህ ያንቺንም ደረሰኞች ከሻንጣሽ አትጣያቸው።