ለዘር የመጣ እህል አይበላም

ገበሬ እህል አይጥልም። ከዘራው የተረፈውን ጎተራ ይከተዋል፤ ሲቸግረው አስፈጭቶ ይበላዋል። ይህ ከአባት ከአያት የመጣ ልማድ ነው። አሁን ግን በመድኃኒት የታሸ ዘር አለ። ይህን ዘር መብላት ምን እንደሚያመጣ በኢራቅ አገር ከደረሰው እንማር።

ኢራቅ ስንዴና ገብስ የሚዘራባት አገር ናት። ከ1964 ዓ.ም. በፊት በአገሪቱ ድርቅ ነበር። አዝመራው ተበላሸ። ስለዚህ በ1964 ዓ.ም. መግቢያ ላይ መንግሥት ብዙ የስንዴና የገብስ ዘር ከውጭ አስመጣ። ዘሩን ሻጋታ እንዳያበላሸው ሜርኩሪ ያለበት መድኃኒት ታሽቶበታል። ሜርኩሪ ባዜቃም ይባላል። እንደ እርሳስ ሁሉ ከከባድ ብረቶች ወገን ነው። እነዚህ ብረቶች ሰውነት ውስጥ ከገቡ ቶሎ አይወጡም፤ እየተጠራቀሙ ይጎዳሉ።

ዘሩ መርዝ እንዳለበት እንዲታወቅ ቀላ ያለ ቀለም ተቀብቷል። ጆንያውም ላይ ማስጠንቀቂያ ተጽፏል። ግን ጽሑፉ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ቋንቋ ነው። የአገሩ ገበሬ ደግሞ የሚናገረው ዐረብኛ ወይም ኩርድኛ ነው። ዘሩም ዘግይቶ ደረሰ። ብዙው ገበሬ ያለውን ዘርቶ ጨርሷል፤ የሚበላው ግን አንሶታል።

አንዳንዱ ተጠራጠረና እህሉን ለዶሮ ሰጥቶ አየ። ጥቂት ቀን ቢጠብቅ ዶሮዎቹ ምንም አልሆኑም። «መርዝ ቢሆንማ ይሞቱ ነበር» አለ። ሌላው እህሉን በውሃ አጠበው። ቀለሙ ለቀቀ። «እንግዲህ መርዙም ታጥቧል» ብሎ ዳቦ አስጋገረ። የለቀቀው ግን ቀለሙ እንጂ መርዙ አይደለም።

ይህ መርዝ ቶሎ አይታወቅም። የበላው ሰው ለሳምንታት ደኅና ይመስላል። መርዙ ግን በደም ተጉዞ አንጎል ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ ጣትና ከንፈር ይደነዝዛል። ቀጥሎ ሰውየው እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል፤ ምላሱ ይተሳሰራል፤ ዓይኑ ይደክማል። ሲብስም ይታወራል። ነፍሰ ጡር ሴት ከበላች መርዙ ወደ ጽንሱ ያልፋል። እናቲቱ እምብዛም ሳትታመም ልጇ አንጎሉ ተጎድቶ የተወለደበት ጊዜ አለ። መርዙ በጡት ወተትም ወደ ሕፃኑ ይደርሳል።

በዚያ ዓመት 6,530 ሰዎች ሐኪም ቤት ገቡ። ከእነሱ 459 ሞቱ። ሐኪም ቤት ሳይደርስ የሞተው በዚህ ቁጥር ውስጥ የለም። የተጎዳውን አንጎል እንደ ቀድሞው የሚመልስ መድኃኒትም አልተገኘም።

በእኛም አገር በመድኃኒት የታሸ ምርጥ ዘር አለ። የዛሬው መድኃኒት ሁሉ ሜርኩሪ አይደለም፤ ቢሆንም ሰውን ይጎዳል። ስለዚህ የሚከተለውን እናስታውስ።

1. በመድኃኒት የታሸ ዘር ለመሬት እንጂ ለሆድ አይደለም። ቢታጠብም፣ ቢቆላም፣ ቢፈጭም አይበላም። ለዶሮም ለከብትም አይሰጥም።

2. የተረፈው ዘር ከሚበላ እህል ጋር አይቀላቀል። ልጆች ከማይደርሱበት ይቀመጥ። ወንዝ ውስጥ አይጣል። ምን እንደሚደረግ የእርሻ ባለሙያ ይጠየቅ።

3. ባዶው ጆንያ እህልም ዱቄትም አይያዝበት።

4. ከዘሩ የበላ ሰው ባይታመምም እንኳ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። በጆንያው ላይ ያለውን ጽሑፍም ይዞ ለሐኪሙ ያሳይ።

ማንበብ ተምረናል። ዘር ስንቀበል ከሁሉ በፊት የጆንያውን ጽሑፍ እናንብብ። ማንበብ ለማይችለው ጎረቤታችንም እናንብብለት። ጽሑፉ በማናውቀው ቋንቋ ከሆነ የሚያውቅ ሰው ሳንጠይቅ ጆንያውን አንፍታ።

ጥያቄዎች

1. የኢራቅ ገበሬዎች ማስጠንቀቂያውን ያልተረዱት ለምንድን ነው?

2. እህሉን ማጠብ ለምን አልጠቀማቸውም?

3. በቤትዎ በመድኃኒት የታሸ ዘር ቢተርፍ ምን ያደርጋሉ?