ሁለቱንም ኤሌክትሮን አንዱ ሲሰጥ

ጥያቄ፦ በኮቫለንት ትስስር እያንዳንዱ አቶም የድርሻውን ኤሌክትሮን ያዋጣል ተብለን ተምረን ነበር፤ ታዲያ ኮኦርዲኔት የሚባለው እንዴት ይፈጠራል?

መልስ፦ ጠያቂያችን ሆይ፥ አሞኒያን እንመልከት። ናይትሮጅን በውጨኛው ምህዋሩ ካሉት 5 ኤሌክትሮኖች 3ቱን ከ3 ሃይድሮጅኖች ጋር ካጣመረ በኋላ ለማንም ያልተሰጡ 2 ኤሌክትሮኖች ይቀሩታልና፥ ኤሌክትሮኑን ተገፎ ዕራቁቱን የቀረ የሃይድሮጅን አዮን በቀረበው ጊዜ፥ ያን ጥንድ በአንድ ማዕድ እንደ ተቀመጡ ሁሉ አብሮት ይካፈለዋል። ምጽዋት ግን አይባልም፤ መጽዋች የሰጠውን ያጣል፥ ናይትሮጅን ግን ጥንዱን ከራሱ አያርቅም።

የአሞኒያና የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠርሙሶች አፋቸው ተከፍቶ ሲቀራረቡ፥ እንደ ዕጣን ጢስ የሚነሣው ነጭ ደመና ከዚሁ ትስስር የተገኘው አሞኒየም ክሎራይድ ነው። በአሞኒየሙ ውስጥ ያሉት 4 ትስስሮች ፍጹም እኩያ ስለ ሆኑ፥ የኋለኛው እንግዳ የትኛው እንደ ነበረ ማንም ሊለይ አይችልም።